ጤነኛ ልብም በደረት ምት ይቆማል፦ «ሜዳ ላይ የወደቀው ልጅ» ለተሰኘው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ሜዳ ላይ የወደቀው ልጅ» የሚል ጽሑፍ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን አካባቢ ባሉ የታዳጊ ቡድኖች አሠልጣኞችና ወላጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። መነሻው በከተማችን ዳርቻ ባለ አንድ ሜዳ ላይ፣ ከቅርብ ርቀት የተመታ ኳስ ደረቱን አግኝቶት የወደቀና ሳይነሣ የቀረ ታዳጊ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ልጁ ቀድሞውንም የተደበቀ የልብ ሕመም ነበረበት፤ ኳስ ጤነኛ ሰው አይገድልም፣ ቢገድል ኖሮማ የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ይገኝ ነበር፤ የአካባቢያችን ከፍታና አቧራም አግዞበታል፤ ስለዚህ የጤና ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ሜዳ አይግባ፣ ቴኳንዶ የሚሠሩትም የደረት መከላከያ ካጠለቁ ስጋት የለባቸውም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ፊቱ ላይ ውኃ ማፍሰስ፣ ክብሪት ማሽተትና ባገኙት ተሽከርካሪ ጭኖ መሮጥ ነው፤ ኳሱን የመታው ልጅ ይጠየቅ፤ ከሁሉም በላይ ግን ቀኑ የደረሰውን ማንም አይመልሰውም።

እኔ በድንገተኛ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ልጄም ከእነዚሁ ሜዳዎች በአንዱ ይጫወታል። ጸሐፊው ለሟቹ ቤተሰብ ያሳዩትን ሐዘን አከብራለሁ፤ ብዕራቸውን ያነሡት ለልጆቻችን ብለው እንደሆነም አልጠራጠርም። ነገር ግን ከምክራቸው መካከል እንዳለ ቢፈጸም ሌላ ልጅ የሚያሳጣን አለ። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

«ጤነኛ ልብ በኳስ አይቆምም» የሚለው የጽሑፉ ምሰሶ ነው። ሌላው ሁሉ የተደገፈው በእርሱ ላይ ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ። ጤነኛ ልብ በኳስ ይቆማል። በሕክምናው ዓለም ኮሞሽዮ ኮርዲስ ይባላል፤ በደረት ላይ፣ በልብ ትይዩ የሚያርፍ ምት ልብን ሳያቆስል፣ ደም ሳያፈስስ፣ አጥንት ሳይሰብር የልብን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ብቻ የሚያናጋበት አደጋ ነው። ልብ በእያንዳንዱ ምት ከተኮማተረ በኋላ ለሚቀጥለው ምት ኤሌክትሪኩን የሚያድስባት አጭር ቅጽበት አለች። የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው የኢሲጂ ወረቀት ላይ ይህች ቅጽበት «ቲ» በሚባለው ሞገድ ትታያለች። አደገኛዋ ጊዜ ሞገዱ ወደ ጫፉ በሚወጣበት ላይ ስትሆን፣ ርዝመቷ ከአንድ ሰከንድ ከ1 እስከ 4 መቶኛ ብትሆን ነው። ምቱ ልክ እዚያ ላይ ካረፈ በግራው የታችኛው የልብ ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት ያሻቅባል፤ የልብ ሕዋሳት ይለጠጣሉ፤ በሽፋናቸው ላይ ያሉ መተላለፊያዎች ያለ ጊዜያቸው ይከፈታሉ። ከዚያ በኋላ ልብ ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይረጭም። ቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን የሚባለው ይህ ነው። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ አንጎል ደም ያጣል፤ ልጁ ይወድቃል።

ያው ኳስ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ቦታ ላይ ከዓይን ጥቅሻ ላነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ ቢያርፍ ኖሮ ልጁ ደረቱን እያሻሸ ጨዋታውን ይቀጥል ነበር። በየሳምንቱ በየሜዳው ስንት ልጅ ደረቱን ተመትቶ ምንም ሳይሆን ወደ ቤቱ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። አደጋው ብርቅ የሆነውም ለዚህ ነው። ብርቅ መሆኑ ግን ልጁን ሕመምተኛ አያደርገውም።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። ዶክተር ማርክ ሊንክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በማደንዘዣ የተኙ ጤነኛ አሳማዎችን ደረታቸው ላይ የቤዝቦል ኳስ በሚያክል ነገር፣ ከልብ ምታቸው ጋር ጊዜውን እያመሳሰሉ መቷቸው። ምቱ ከ«ቲ» ሞገድ ጫፍ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲያርፍ ልባቸው በአብዛኛው ወዲያውኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ ቅጽበት ውጭ ሲያርፍ ግን እንዲያ አልሆነም። በሰው ላይ የደረሰውን ደግሞ በአሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በዶክተር ባሪ ማሮን መሪነት የተቋቋመ መዝገብ ሲሰበስብ ቆይቷል። ከ200 በላይ አጋጣሚዎች ተመዝግበውበታል። የተጎጂዎቹ አማካይ ዕድሜ 15 ዓመት ነው፤ 95 ከመቶው ወንዶች ናቸው፤ 25 ዓመት የሞላቸው ከአሥር አንድ አይሆኑም። ግማሽ ያህሉ በውድድር ላይ የነበሩ ሲሆን ሩብ ያህሉ በመዝናኛ ጨዋታ ላይ፣ የቀሩት ደግሞ ከስፖርት ውጭ በዕለት ተዕለት ኑሮ መካከል የተመቱ ናቸው። እዚያ መዝገብ ላይ ለመስፈር ልብ ነባር ሕመም የሌለበት መሆን አለበት። የታዳጊዎቹ ቁጥር የበዛውም ልባቸው ስለታመመ ሳይሆን ደረታቸው ገና ስስና ተለጣጭ ስለሆነ፣ ምቱ ሳይቀንስ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ነው።

ጸሐፊው ለሐሳባቸው ማጠናከሪያ የካሜሩኑን ማርክ ቪቪያን ፎዬን ይጠቅሳሉ። ስለ ፎዬ የጻፉት እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2003 በሊዮን ከተማ፣ ካሜሩን ከኮሎምቢያ ጋር ባደረገችው የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ፤ የልቡ ጡንቻ በሕመም የወፈረ እንደነበር በምርመራ ታወቀ። ግን ፎዬ የወደቀው በመሐል ሜዳ፣ ማንም ሳይነካው ነው። ደረቱን በኳስ ተመትቶ በዚያው የወደቀ ልጅን ታሪክ በፎዬ ታሪክ መተርጎም ሁለት የተለያዩ አሟሟቶችን ማደባለቅ ነው።

ይህ የሐኪሞች ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልገባሁበት። ግን አንዲት እናት ለቅሶ ተቀምጣ ሳለች «ሳታስመረምሪው ለቀቅሽው» የሚል ቃል በጆሮዋ ይገባል። የጽሑፉ ቅጂ ወደ ድንኳኑ ሲገባ ይዞት የሚገባው ይህንኑ ነው። ጤነኛ ልጅ አሳድጋ በአንዲት ቅጽበት ያጣች እናት ላይ የቸልተኝነት ክስ መጨመር አይገባም፤ ክሱ ሐሰት ሲሆን ደግሞ ከቶ አይገባም።

ወደ አጥንቱ ልለፍ። «የጎድን አጥንቱ አልተሰበረም፣ ስለዚህ ኳሱ አልገደለውም» የሚለው ክርክር ለሰሚው ያሳምናል፤ እውነቱ ግን በተቃራኒው ነው። አጥንት አለመሰበሩ የዚህ አደጋ መለያው ነው። በአሳማዎቹ ላይ በተደረጉት ተከታታይ ሙከራዎች አደጋው እጅግ ከፍ ብሎ የታየው ኳሱ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር ነበር፤ ከዚያ በላይ በጣም ሲፈጥን ልብን በቀጥታ የማቁሰሉ ነገር እየጨመረ፣ የመንቀጥቀጡ ዕድል ግን እየቀነሰ ሄደ። በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ማለት ደግሞ የዓለም ኮከብ ምት አይደለም። አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት የሞላው፣ እግሩ የጠና ልጅ የሚመታው ነው።

ከፍጥነቱ ሌላ ኳሱ ራሱ ልዩነት አለው። ትንሽና ጠጣር ኳስ ኃይሉን በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያሳርፍ አደጋው ይብሳል። ቤዝቦልና የበረዶ ሆኪ ዲስክ በመዝገቡ ውስጥ በብዛት የሚታዩት፣ እግር ኳስ ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታየው ለዚህ ነው። ለሕፃናት ለስለስ ተደርገው የተሠሩ የቤዝቦል ኳሶች አደጋውን እንደሚቀንሱ በሙከራ ታይቷል። በእኛ ሜዳዎች ታዲያ ምን እናያለን? ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የአዋቂ ቁጥር 5 ኳስ ይሰጠዋል፤ እሱም በብስክሌት መንፊያ እስኪጠነክር ተነፍቶ። አሠልጣኙ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፣ ንቅንቅ ካላለ «አሁን ገና ኳስ ሆነ» ይላል። የጨዋታው ሕግ ለአዋቂዎች ኳስ ያስቀመጠው የአየር ግፊት ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ነው፤ ለታዳጊ ቁጥር 4 ኳስ አለ፣ ትንሽ ለዘብ አድርጎ መንፋትም ምንም ወጪ የለውም። ልጆቹ ራሳቸው ከካልሲና ከጨርቅ የሚጠቀልሉት ኳስ ለደረታቸው ከዚህ ሁሉ ይሻላል።

እግረ መንገዴን ስለ ገና ጨዋታም ልበል፤ ጸሐፊው አላነሡትም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልን የምንወደው ጨዋታ ነው፤ በከተማው ዳር ባሉ መስኮች ዛሬም ይጫወቱታል። ከእንጨት የተጠረበችው ጥንግ ግን ትንሽ፣ ጠጣርና ፈጣን ናት፤ አደጋውን ያብሳሉ ያልኳቸውን ሦስቱንም ባሕርያት አሟልታለች። ጎልማሶቹ በልማዳቸው ይጫወቱ፤ ሕፃናቱ ሲለምዱ ግን በጨርቅ የተጠቀለለች ጥንግ ትሰጣቸው።

ከፍታውንና አቧራውን በአጭሩ ልለፈው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ መሆናቸው እውነት ነው፤ የዓለም ምርጥ ሯጮቻችን የሚለማመዱበት ሱሉልታ ደግሞ ከዚህም ከፍ ይላል። ደረት ላይ ያረፈ ምት ልብን የሚያናውጠው በግፊቱና በጊዜው ነው፤ ለዚህ የአየሩ መሳሳት አያስፈልገውም። አቧራ አስም ያስነሣል፣ ያስላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሲሮጥ የነበረን ልጅ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ግን መሬት ላይ አይዘረጋውም።

የጤና ምስክር ወረቀቱን በተመለከተ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ጣሊያን ከ1982 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተወዳዳሪ ስፖርተኞች ሁሉ ኢሲጂን ጨምሮ ምርመራ እንዲያደርጉ ታስገድዳለች፤ በቬኔቶ ክልል የወጣት ስፖርተኞች ድንገተኛ ሞት ከዚያ በኋላ በእጅጉ መቀነሱ ተዘግቧል። የቀነሰው ግን እንደ ፎዬ ባለ ሕመም የሚመጣው ሞት ነው። የደረት ምት የሚጥለው ልጅ ኢሲጂው ዛሬ ጠዋት ቢነሣ ጤነኛ ነው የሚለው፤ ጤነኛ ነውና። ወረቀቱን በደረት ኪሱ ይዞ ሊወድቅ ይችላል።

በእኛ አካባቢ «የጤና ምስክር ወረቀት» በተግባር ምን እንደሚመስልም እናውቃለን። ወላጅ ከፍሎ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ የልጁን ደረት በማዳመጫ እንኳ ያዳመጠው የለም። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ጸሐፊው ስለ ልብ ሕመም ከተጨነቁ፣ እኔም እጨነቃለሁና፣ በአገራችን ልጆች ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው በቶንሲል ጀምሮ የልብ ቫልቭን የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ይህን አንድ በቅጡ የሚያዳምጥ ባለሙያ ሊጠረጥረው ይችላል። አሠልጣኙም በነጻ ሊጠይቃቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች አሉ፦ ስትሮጥ ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ደረትህን ይጨንቅሃል? ከቤተሰብህ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ? ለእነዚህ «አዎ» ያለ ልጅ ወደ ልብ ሐኪም ይላክ። ምርመራ ማለት ይህ ነው፤ የሌላውን ልጅ ሁሉ በር በማኅተም መዝጋት ግን ወረቀት መግዣ የሌላቸውን ልጆች ከሜዳ ያባርራል እንጂ ማንንም ከኳስ ምት አያድንም።

የደረት መከላከያው ነገርም እንዲሁ ነው። በቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ የሚሠለጥኑት የቴኳንዶ ልጆቻችን ሆጉ የሚባለውን የደረት መከላከያ ማጥለቃቸው መልካም ነው፤ ሕመሙን ይቀንሳል፣ የጎድን አጥንትም ይጠብቃል። ነገር ግን በሚኒያፖሊሱ መዝገብ ውስጥ በውድድር ላይ ሳሉ ከተጎዱት መካከል ከሦስት አንድ የሚሆኑት የደረት መከላከያ ለብሰው ነበር። አንዳንዱ መከላከያ እጅ ሲነሣ አብሮ ተነሥቶ የልብን ቦታ ይገልጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምቱን በበቂ አይውጠውም። በአሜሪካ ለዚሁ አደጋ ተብሎ የተፈተነ መከላከያ መስፈርት የወጣለትና ጠጣር ኳስ መረብ ባለው ዱላ በሚወረወርበት በላክሮስ ስፖርት ግዴታ የሆነው ገና በቅርብ ዓመታት ነው። «ሆጉ ካጠለቁ ስጋት የለም» ማለት አሠልጣኙን ያዘናጋዋል፤ የተዘናጋ አሠልጣኝ ደግሞ ልጁ ሲወድቅ «ትንፋሽ አጥሮት ነው፣ ይነሣል» ብሎ ይጠብቃል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስኩ። ውኃው፣ ክብሪቱና ባጃጁ።

በደረት ምት ልቡ የቆመ ልጅ ሁልጊዜ ወዲያው አይወድቅም። ሁለትና ሦስት እርምጃ ሊራመድ፣ ኳሱን ሊያነሣ፣ ቀና ብሎ ሊያይ ይችላል፤ ከዚያ ይዘረራል። አንጎሉ ደም ሲያጣ እጅና እግሩ ሊንፈራገጥ ይችላል። አፉን ከፍቶ፣ በየመሐሉ፣ እንደ ማንኮራፋት ባለ ድምፅ አየር ሊስብ ይችላል። በዙሪያው ያለው ሰው ይህን ሲያይ የሚለው የታወቀ ነው፦ «የሚጥል በሽታ ነው! አትንኩት! ክብሪት አምጡ!» አንዱ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ሥር ይይዛል፤ ሌላው ከሃይላንድ ጠርሙስ ፊቱ ላይ ውኃ ያፈስሳል፤ ሦስተኛው ባጃጅ ሊጠራ ይሮጣል። ሁሉም የሚያደርገው በፍቅር ነው። ግን ልቡ የቆመን ልጅ የክብሪት ጭስ አይቀሰቅሰውም። ያ በየመሐሉ የሚሰማው ድምፅም ትንፋሽ አይደለም፤ ልብ መቆሙን የሚያሳይ ምልክት ነው። ደም ካልተገፋ በስተቀር በየደቂቃው የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 ከመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። ክብሪት ተፈልጎ፣ ተለኩሶ፣ አልነቃም ተብሎ፣ ባጃጅ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ሲደመር ልጁ አብዛኛውን ዕድሉን እዚያው ሣር ላይ ጨርሶታል።

እኔ በምሠራበት ክፍል በር ላይ አንድ ታዳጊ እንዲህ ሆኖ ደርሶ ያውቃል። በባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ በሁለት ጓደኞቹ መሐል ታጥፎ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ ማልያው በውኃ ርሶ፣ ፊቱ አካባቢ ገና የድኝ ሽታ ነበር። ጓደኞቹ ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ ታኬታቸውን ሜዳ ላይ ጥለው። ከሜዳው እስከ እኛ ድረስ ኮብልስቶኑን ሲያንገጫግጩት ሲመጡ አንድም እጅ ደረቱን አልተጫነም፤ መጫን እንዳለበት የነገራቸው ስላልነበረ። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ደረት መጫንም አይቻልም፤ ልጁ በጀርባው መተኛት አለበት፣ ከሥሩም ጠንካራ ነገር መኖር አለበት። ያንን ልጅ ልንመልሰው አልቻልንም።

የሚደረገው ይህ ነው። ደረቱን ተመትቶ የወደቀ ልጅ ጠርተውት ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ ልቡ ቆሟል ብላችሁ ተነሡ። የደም ሥር ትር ትር ፍለጋ አትዘግዩ። አንዱ 907 ወይም 939 ይደውል፤ ሜዳው ያለበትን ቦታ በቅርብ በሚታወቅ ነገር፣ በኮንዶሚኒየሙ የብሎክ ቁጥር፣ በትምህርት ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመስጊዱ ስም ይናገር፤ ከዚያም ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ አምቡላንሱን ይቀበል። ሌላው ልጁን በጀርባው አስተኝቶ፣ በጎኑ ተንበርክኮ፣ የአንድ እጁን መዳፍ ሥር በደረቱ መሐል አጥንት ላይ ያኑር፤ ሁለተኛውን እጅ በላዩ ይደርብ፤ ክርኑን ሳያጥፍ በትከሻው ክብደት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይጫን፣ ይልቀቅ፣ ይጫን። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። የሚጫነው ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይደክማል፤ ተራ ይያዙ፣ በመሐል ግን አይቋረጥ። የሠለጠነ ሰው ካለ በየ30 ግፊቱ ሁለት ጊዜ በአፍ ትንፋሽ ይስጥ፤ ከሌለ ግፊቱ ብቻ ይቀጥል። የጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላል፤ ይሰበር፣ ይጠገናል። ጸሐፊው «ያልተማረ ሰው ባይነካው ይሻላል» ያሉት እጅግ ያሳዘነኝ ቃል ነው። ልቡ የቆመን ልጅ ሳይነኩት ከመተው የሚብስ ጉዳት ልናደርስበት አንችልም።

የሚንቀጠቀጠውን ልብ ወደ ሥርዓቱ የሚመልሰው በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው፤ ዲፊብሪሌተር ይባላል። በሕዝብ ቦታ የሚቀመጠው ዓይነት በድምፅና በሥዕል እየመራ ማንንም ሰው ያሠራል፤ ንዝረት የማያስፈልገውን ልብ ደግሞ አይነዝርም። በእኛ ሜዳዎች አንድም ጊዜ አይቼ አላውቅም፤ ውድ መሣሪያ ነው። ቡድኖቹ ለምስክር ወረቀት እንዲያዋጡ የተጠየቁትን ገንዘብ በአንድ ላይ ቢያስቀምጡ ግን፣ በውድድር ቀናት በአካባቢው ጤና ጣቢያ ወይም በውድድሩ አዘጋጆች እጅ የሚዞር አንድ መሣሪያ መግዛት የማይደረስበት ነገር አይደለም። መሣሪያው እስኪመጣ እጆቻችን አሉ። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ ከየቡድኑ አሠልጣኙ፣ አንድ ወላጅና ሁለት ተጫዋች ቢሠለጥኑ ይበቃል።

ኳሱን የመታው ልጅ «ይጠየቅ» የሚለውን ሳነብ ጽሑፉ ከራሱ ጋር ሲጋጭ አየሁት። ከላይ ኳስ አይገድልም ተብሏል፤ ከታች ገዳይ ይፈለጋል። ሁለቱ አብረው አይቆሙም። እውነታው ሌላ ነው፦ ያ ልጅ ኳስ ተጫወተ። ተከላካዮች ቅጣት ምት ላይ ግድግዳ ሠርተው፣ እጃቸውን ወደ ታች አድርገው፣ ደረታቸውን ገልጠው ሲቆሙ ሺህ ጊዜ እንደመታው መታ። ጓደኛውን ቀብሮ የመጣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው፤ በየመንገዱ «ገደልከው» እየተባለ ነው። እባካችሁ፣ አሠልጣኞቹ ቤቱ ሄዳችሁ ከወላጆቹ ፊት ንገሩት፦ ጥፋት አልሠራህም፣ ይህ አደጋ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፣ ስሙም አለው።

«ቀኑ የደረሰውን ማንም አይመልሰውም» የሚለውን በመጨረሻ ያስቀረሁት በንቀት አይደለም። እኔም አማኝ ነኝ፤ የነፍስ ባለቤት ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ጎርፍ ሲወስደው የምናየውን ልጅ ቀኑ ነው ብለን ከዳር ቆመን አናየውም፤ ገመድ እንወረውራለን። እዚህም ገመዱ ሥራ መሥራቱ በቁጥር ታይቷል። የመዝገቡ የመጀመሪያ ዓመታት በደረት ምት ልባቸው ከቆመ ሰዎች መካከል የተረፉት ከአሥር አንድ ገደማ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 ባለው ጊዜ የተረፉት 58 ከመቶ ደረሱ። በዚያ መሐል የተለወጠው የሞት ቀን አይደለም፤ ሰዎች ፈጥነው ደረት መጫንና መሣሪያውን ማምጣት መልመዳቸው ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2023 የቡፋሎ ቢልሱ ዳማር ሃምሊን፣ በአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ ላይ ደረቱን ተመትቶ ተነሣ፣ ቆመ፣ ከዚያም በጀርባው ወደቀ። የ24 ዓመት፣ ጤነኛ ወጣት ነበር፤ መከላከያም ለብሶ ነበር። የቡድኑ የሕክምና ባለሙያዎች እዚያው ሣሩ ላይ ደረቱን ተጫኑ፣ በመሣሪያው ልቡን መለሱ፤ ወደ ሆስፒታል የተወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሐኪሞቹ የደረሱበት ምክንያት ኮሞሽዮ ኮርዲስ መሆኑን ራሱ ተናገረ፤ በሚቀጥለው የውድድር ዘመንም ወደ ሜዳ ተመለሰ። የሆኪው ተጫዋች ክሪስ ፕሮንገርም እ.ኤ.አ. በ1998 ዲስኩ ደረቱን መትቶት ወድቆ ነበር፤ ተነሥቶ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተጫውቷል። እነዚህ ሰዎች የተረፉት ምክንያቱ በዚያች ደቂቃ ስለታወቀ አይደለም። ልብ በምትም ይቁም በሕመም፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሥራ አንድ ነው፤ ምርመራው በኋላ ይደርሳል። የተረፈ ልጅ ካለ በኢሲጂና በልብ አልትራሳውንድ በደንብ ይታይ፤ ያን ጊዜ የጸሐፊው ጥያቄም ትክክለኛ መልሱን ያገኛል።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። በቀረው ሁሉ ልንከራከር እንችላለን፤ ምርመራው ይስፋ ካሉም አብሬዎት እቆማለሁ። ነገር ግን የክረምቱ የሠፈር ውድድር ሊጀመር ነው፤ ጽሑፍዎም በየቡድኑ አሠልጣኝ ኪስ ውስጥ አለ። ስለ ውኃው፣ ስለ ክብሪቱና ስለ አለመንካቱ የጻፉትን አንቀጽ ከውድድሩ በፊት በስምዎ ያርሙት፤ በቦታውም ሁለቱን ስልክ ቁጥሮችና የደረት አጫጫኑን ያስገቡ። ጽሑፉን ያዞሩት ሰዎች እርማቱንም እንዲያዞሩ እኔ በየሜዳው እየሄድኩ እነግራቸዋለሁ፤ አጫጫኑን ማየት ለሚፈልግ ቡድንም እሑድ ከጨዋታ በፊት መጥቼ አሳያለሁ።